የተመለሰው ድንኳን

ሰኞ

አስቴርን «በቃ» አልኳት። እህቷ የሞተችባትን ሴት፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ እጄን ስታጠብ ነበር። ሻይ አፈላሁ፤ አልጠጣሁትም። ስለዚህ ልጻፈው።

ጻካኔ ሱቅ ያለው የዕድራችን አባል የኤርሲዶ ሚስት አቦነሽ ቅዳሜ አረፈች። ስኳር ነበረባት፣ ከዚያ ኩላሊት ተጨመረበት። ዛሬ የዕድራችን ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ፣ ኤርሲዶ ግቢ ተሰበሰበ። የዕድሩን ድንኳን፣ እኔ ሱቅ የሚቀመጠውን፣ ትናንት ያስተከልኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ዳኛ ስለሆንኩ ካስማ እንኳ ያለ እኔ አይመታም። ረፋዱ ላይ የሟቿ ታናሽ እህት አስቴር ከሌላው ሰፈር ከዳቬይተን ደረሰች። ድንኳኑ መሀል ቆማ በሀዲይኛ ማልቀስ ጀመረች። እያዜመች ትናገራለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ወንዶቹም ከነሱ ወገን የሆኑት አንገታቸውን ደፉ። የቀረነው ደግሞ የማንሰማውን እየሰማን ተቀመጥን።

ከዘራዬን ተመርኩዤ ተነሣሁ።

«በቃ» አልኩ። «ሁላችንም በምንሰማው ቋንቋ ይሁን። ይህ የሁላችንም ድንኳን ነው።»

አልጮኽኩም። የእኔ ድምፅ መጮኽ አያስፈልገውም።

አስቴር ቃል መሀል ላይ ቆመች። የሚቀበሏት ሴቶች እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ። ከኋላ የሱቅ ጎረቤቴ ጌታነህ «ልክ ብለዋል!» አለ። ኤርሲዶ ጫማውን ያይ ነበር። እስከዚያ ድረስ በራሴ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም የጌታነህ «ልክ ብለዋል» ደስ አለኝ። ይህንንም ልጻፈው፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም አላለቀሰም። በአማርኛም ያለቀሰ የለም። ሻይ ታደለ፣ ዳቦ ታደለ። የጥገኝነት ወረቀት ሊያሳድስ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ መሰልን።

ልጄ ሒሩት ነድታ መለሰችኝ። ሱቃችን እስካለበት እስከ ጄፒ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የዕድሩ ደንብ አለ፤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። «ስብሰባ በአማርኛ ይካሄዳል» ይላል። ይህ ደንብ ትክክል ነው፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። በፊት ዕድሩ ሦስት ቦታ ነበር፤ የሰሜኑ ለብቻ፣ ጉራጌው ለብቻ፣ ደቡቡ ለብቻ። አንድ ሰው ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቁ ላይ ተመትቶ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ነው?» ነበር። ያንን ጥያቄ ስጠላው! እሱን ለማጥፋት ነው ቤት ለቤት ዞሬ አንድ ያደረግኳቸው።

ግን ደንቡ «ስብሰባ» ነው የሚለው። ለቅሶ አይልም።

ማክሰኞ

ጌታነህ ገና በሬን ስከፍት መጣ። ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ትናንት እኮ ቢስማርክን ሆኑ!»

ይህ ስም የወጣልኝ በእሁድ ትምህርት ነው። እሁድ ከሰዓት የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ ለፈለገ ሰው ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የያዝኩት ጀርመንና ጣሊያን እንዴት አንድ አገር እንደሆኑ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ አገር ቤት የመጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። እንግሊዝኛውንም ታሪኩንም ያስተማሩኝ እዚህ መንገድ ዳር ተዘርግተው የሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። ማንም አልረዳኝም፤ የማንም እርዳታ አላስፈለገኝም።

ያንን ታሪክ የመረጥኩት እኛን ስለሚመስል ነው። በየሸለቆው፣ በየመስፍኑ፣ በየኬላው የተከፋፈለ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ሆነ። ነጋዴዎቹ ከሁሉ የወደዱት የጀርመኖቹን የጉምሩክ ማኅበር ነው። ሸቀጥ በየመስፍኑ ኬላ ሳይቀረጥ እንዲያልፍ መጀመሪያ ተስማሙ፤ ባንዲራው ኋላ መጣ። «እኛም እንዲሁ ነን» አልኳቸው፤ «መጀመሪያ ኮንቴይነር አብረን አስመጣን፣ ከዚያ አብረን መቀበር ጀመርን።» አጨበጨቡ። ስለ ጣሊያኑ የጦር መሪ ስለ ጋሪባልዲና ስለ ቀይ ሸሚዝ ለባሾቹ ስነግራቸው ጌታነህ «ሸሚዙን ከየት ነው በጅምላ ያመጣው?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ጀርመንን አንድ ያደረገው ቢስማርክ ላይ ስንደርስ «በብረትና በደም» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ በሌለሁበት ቢስማርክ ይሉኛል። እንደማላውቅ እሆናለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

ከአቦነሽ ሞት በፊት በነበረው እሁድ ኤርሲዶ እጁን አውጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጣሊያን እንዲያ ተሰባስቦ አንድ ከሆነ በኋላ እኛ አገር ምን ፈልጎ መጣ?»

«ያ ሌላ ምዕራፍ ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ምሳ ላይ ሒሩት ድምፅዋን አሰማች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«አቦነሽ አማርኛ ትሰማ ነበር?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ትሰማ አልነበረም። ከሆሳዕና ዘግይታ ነው የመጣችው። ስፓዛው ውስጥ፣ ግቢያቸው ባለችው ትንሽ ሱቅ፣ የሎኬሽኑ ልጆች «ማማ» እያሉ ሲመጡ በዙሉ ትመልስላቸው ነበር፤ በዙሉ ትቀልድም ነበር። ለእኔ የነበራት አማርኛ «እንደምን ዋሉ ጋሼ»፣ «ይብሉ»፣ «ይጨምሩ» ነው። እነዚያን ስትል አፏን በመዳፏ ከለል ታደርጋለች። ስንት ጊዜ ገበታዋ ላይ ተቀምጫለሁ። በእሷ ቋንቋ «ጥሩ ነው» ማለት እንኳ አላውቅም። ጣሊያን ውስጥ የፒዬድሞንትና የሲሲሊ ሰዎች እንደማይግባቡ ግን በደንብ አውቃለሁ።

«ለቅሶው ለማን ነበር ታዲያ?» አለች ሒሩት። «ሁላችንም በምንሰማው ብለው የማትሰማው እሷ ብቻ ሆና ቀረች።»

«ሱቁን ክፈቺ» አልኳት።

መልስ ሲያጥረኝ ትእዛዝ እሰጣለሁ። እናቷም ይህን ትለኝ ነበር።

ዛሬ ሄጄ መቀመጥ ነበረብኝ። እግሬን ያመኛል አልኩ። እግሬን አላመመኝም።

ረቡዕ

ድንኳኑን መለሱት።

ሱቁን ስከፍት አንድ ባኪ፣ ትንሽ የጭነት መኪና፣ ቆመ። ሁለት ወጣቶች ወርደው ማውረድ ጀመሩ። ሸራው ተጣጥፎ፣ ምሰሶዎቹ በገመድ ታስረው፣ ካስማዎቹ በጆንያ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደራርበው። አንድም የጎደለ የለም።

«ማን ላካችሁ?»

«አቶ ኤርሲዶ። እግዚአብሔር ይስጥልን ብለዋል።»

ለቅሶ ሳያልቅ ድንኳን ሲመለስ በዕድሜዬ አላየሁም። ድንኳን የሚነሣው ሬሳው ከተሸኘ በኋላ ነው። የአቦነሽ ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው በዚህ ብርድ ሜዳ ላይ ሊቀመጥ ነው። እዚህ አገር ክረምቱ ዝናብ የለውም፤ ንፋስ ብቻ ነው፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ። ከዕድሩ ድንኳን ሥር ከመቀመጥ ንፋሱን መረጡ።

ሸራውን አጥበውታል። ጠርዙ ገና እርጥብ ነው። ከነአቧራው ወርውረውት ቢሄዱ እቆጣ ነበር፤ መቆጣት አውቃለሁ። አጥበው አጣጥፈው፣ አመስግነው መለሱልኝ። ምን ልበል?

ጌታነህ አየና ገባ።

«ይተዋቸው ጋሼ። ኦስትሪያስ ወጥታ የለ? ያለ ኦስትሪያም ጀርመን ጀርመን ሆነች።»

ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። ያኔ ስናገረው ብልህነት ነበር የመሰለኝ። በጌታነህ አፍ ስሰማው ግን ፊቴን አዞርኩ። እሱ የተስማማሁ መስሎት ትከሻዬን መታ አድርጎ ወጣ።

ድንኳኑ ደንበኛ እንዳያየው ብርድ ልብስ ደረደርኩበት። አረንጓዴው ሸራ ከጎን ብቅ ይላል። ብርድ ልብስ ጨመርኩ። አሁንም ይታያል።

ሐሙስ

ዛሬ ከተማው ውስጥ ሰልፍ ነበር። የውጭ ሰው ይውጣ የሚሉት ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ተወርቶ ስለነበር ጄፒ በሙሉ በሩን ዘጋ። ሒሩትን ቤት ቆዪ አልኳት። እኔ ግን መጣሁ። ሱቄን ማንም አያስጥለኝም።

የሕንፃው ዘበኛ ቩሲ የብረት መዝጊያውን አውርዶልኝ ከውጭ አንኳኳ። «ምኩሉ፣ ውስጥ ቆይ። ስለ አንተ አይደለም የሚሉት። አንተማ ሽማግሌ ነህ» አለኝ። ምኩሉ አያት ማለት ነው። ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው። አመሰገንኩት።

ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጌ ድንኳኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ መቀመጫ አልፈለግኩም።

ሲመጡ ይዘፍናሉ። እነዚህ ሰዎች ሲዘፍኑ ያምራል፣ መካድ አይቻልም። ከዘፈኑ የማውቀው አንድ ቃል ነው፤ ሃምባኒ፣ ሂዱ። ስለ ፍራንክፈርትና ስለ ሚላኖ ሰልፈኞች ሳስተምር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። የሕዝብ መዝሙር ልብ ያሞቃል እል ነበር። ከመዝጊያው በስተጀርባ ሆኜ ስሰማው እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ማንም ምንም አላደረገም፤ አለፉ። መዝጊያውን ግን አንድ ሰው በእጁ መዳፍ መታው፣ ሲያልፍ እንዲሁ፣ ከበሮ እንደሚመታ።

ካለፉም በኋላ ወዲያው አልከፈትኩም። ለእሁድ ልዘጋጅ ብዬ መጽሐፉን አወጣሁ። ልጨርሰው የነበረው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት በፈረንሳዮች ቤተ መንግሥት ውስጥ የታወጀበትን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ «ይዘለል» ብዬ ጽፌያለሁ።

የዘለልኩትን ገጽ አነበብኩት።

ስለ ፖላንድ ልጆች ነው። በፕሩሲያ ግዛት ሥር ስለነበሩት። አንድነቱ እየጠነከረ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ጀርመንኛ እንዲሆን ታዘዘ፤ ውሎ አድሮ የሃይማኖት ትምህርቱም ጭምር። ልጁ እናቱ ያስተማረችውን ጸሎት በሌላ ቋንቋ ካላለው ይቀጣል።

ይህን ገጽ አንብቤው ነበር። ገብቶኝ ነበር። ትምህርቱን ያደበዝዘዋል ብዬ ነው የዘለልኩት። ሌላም አለ፤ ጣሊያንን አንድ ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው ገበታ ላይ ፈረንሳይኛ መናገር ይቀላቸው ነበር። እሱንም አላስተማርኩም።

ባላውቅ ምሕረት ነበረኝ። አላውቅም ልል አልችልም።

ዓርብ

ጠዋት ሒሩትን «ሽማግሌ ልልክ ነው» አልኳት።

«ማንን?»

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካሰሱ የሚላከው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ለእኔ የሚላከው ማነው? አንድ ሁለት ስም ጠራሁ። ሁሉም ሰኞ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። ጌታነህን ለመጥራት አፌ አልተከፈተም።

«ሽማግሌ የሚላከው እኮ ሰውየው መምጣት ሲያቅተው ነው» አለች። «እርስዎ እግር አለዎት።»

«እግሬን ያመኛል።»

«እሱ ማክሰኞ ነው።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ድንኳኑን ባኪያችን ላይ ጫንን።

በመንገድ ንግግር አዘጋጀሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ስለ ዕድሩ አመጣጥ ይጀምራል፣ ስለ ዓላማዬ ቅንነት ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ይቅርታ አለበት።

ግቢው ውስጥ ሰው በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። በአጥሩ በኩል አንሶላ ወጥረዋል፣ ንፋሱ ያርገበግበዋል። ከሴቶቹ አንዷ የሆነ ነገር ብላ ሌሎቹ አፋቸውን ያዙ። ከተባለው ውስጥ የለየሁት «ቢስማርክ» የሚለውን ነው።

አስቴር በር ላይ መጣች። አይኗ አብጧል።

«ቢስማርክ መጡ» አለች፣ አሁን በአማርኛ፣ እንድሰማ። «ዛሬስ? በየትኛው ቋንቋ እንድንቀመጥ ሊነግሩን ነው?»

በከዘራዬ ወደ መኪናው አመለከትኩ።

«ድንኳኑን አምጥቻለሁ» አልኩ።

«ድንኳኑ የሁላችንም ነው ብለዋል። እኛ እኮ ከዚያ ሁላችን ውስጥ የለንም።»

ኤርሲዶ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሰው የማያስቀይም ሰው ነው፤ ዛሬም አላስቀየመኝም።

«ጋሼ፣ ይመለሱ» አለኝ። «ዛሬ አይሆንም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጣ። ለምን እንዳልወጣ አላውቅም። አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ያዩኝ ነበር።

ድንኳኑን ደጃፉ ላይ አወረድን። ሸራው ላይ ተቀመጥኩ። ይጠሩኛል ብዬ ሳይሆን መሄዱ ስላቃተኝ ነው። ከስፓዛው ዳቦ የሚገዙ የሰፈሩ ልጆች ቆመው አዩኝ፣ ሰለቸኋቸው፣ ሄዱ። ከግቢው ማንም አልወጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሒሩት ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ወደ ኋላ ሳይ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ አንድ ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ቅዳሜ

ተመልሼ ሄድኩ። ሒሩት እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ቁልፏን ይዛ ጠበቀችኝ።

ንፋሱ ከአሮጌው ማዕድን ማውጫ የአፈር ክምር ነጭ አቧራ እየጠረገ ያመጣል። ድንኳኑ ደጃፉ ላይ ነው። ግን መሬት ላይ አልነበረም። ውርጭ እንዳይነካው አንድ ሰው ጡብ ደርድሮ ከላዩ አስቀምጦታል። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እያየሁት ቆምኩ።

የሬሳው መኪና እኩለ ቀን ላይ ግቢው ይደርሳል፤ አቦነሽን ተሰናብተዋት፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሴቶቹ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንበው ተጠጋግተዋል። ከእኔ ሱቅ የተገዙ ብርድ ልብሶች ናቸው፤ አበባቸውን አወቅኩት።

ኤርሲዶ ወጣ። እኔን አላየም፣ ድንኳኑን አየ።

«እናቶች በርዷቸዋል» አለ።

ያ ብቻ ነው። እኔ አንዱን ምሰሶ ያዝኩ፣ እሱ ሌላውን። ወጣቶቹ ሊቀበሉኝ መጡ፤ አልሰጠሁም። «ሳቡት»፣ «ላላ ያድርጉት»፣ «ያችን ካስማ» ከሚለው በቀር አልተነጋገርንም።

ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ባርኔጣዬን አወለቅኩና ሰኞ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የመንገዱን ንግግር ተውኩት።

«ሰኞ እዚህ ቆሜ ያልኩትን ሰምታችኋል» አልኩ። «ተሳሳትኩ አልልም። ሰው የሚሳሳተው ሳያውቅ ነው። እኔ አውቅ ነበር። አስቴር፣ ይቅር በይኝ። ኤርሲዶ፣ ይቅር በለኝ።»

ጎንበስ ልል ስል ከዘራዬ ወደቀ። ማንም አላነሣልኝም። እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ከኋላ አንድ ሕፃን ሳለ።

«ይቀመጡ» አለች አስቴር።

ተቀመጥኩ።

«ግን ማንም እንዳይተረጉምልዎ።»

«እሺ» አልኩ።

የሬሳው መኪና መጣ፤ ሣጥኑን አስገቡት። አስቴር ተነሣችና ጀመረች። ሰኞ ከቆመችበት ይሁን ከመጀመሪያው፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ደረታቸውን መቱ። ወንዶቹ አለቀሱ፣ ኤርሲዶም እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። በሕይወቴ ካልገባኝ ነገር ፊት ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም፤ መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ አርማለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አዝኖልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ሲል እጄን አነሣሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።

ያኔ ስሜን ሰማሁ።

ደምሴ አለች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ደምሴ አለች። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞረው ተቀበሏት። አንዲት አሮጊት ራሷን ነቀነቀች፤ አዎን ይሁን ወየው፣ አልለየሁትም። ይህ ሰውዬ ልሰናበትሽ ብል ከለከለኝ እያለች ለሣጥኑ ትነግረው ይሆን? ረግማኝ ይሆን? ወይስ ገበታሽ ላይ የበላው ሽማግሌ መጥቷል እያለቻት? አንገቴን ደፋሁ። ምንም ብትል ይገባኛል።

መኪናው ሊነሣ ሲል ኤርሲዶ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። እሱም አብሯት ሆሳዕና ድረስ ይሄዳል። ጨበጠኝ። እኔ ግን፣ ይህንንም ልጻፈው፣ ሚስቱን ሊቀብር የሚሄድ ሰው እጅ ይዤ «ስለ ዕድሩስ?» አልኩት።

«ስመለስ ጋሼ» አለ።

የእነሱ ሰዎች የኤርሲዶን መልስ እንደሚጠብቁ ሁሉም ያውቃል። እሱ ከዕድሩ ከወጣ ሁሉም ይወጣሉ።

እሁድ

ቅዳሴ ሄድኩ። ከሰዓት አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ከጻካኔም ከዳቬይተንም ማንም አልመጣም። ጌታነህ ከፊት ተቀምጧል።

ንጉሠ ነገሥቱ የታወጀበትን ቀን ሊሰሙ ነበር የመጡት። የፖላንድ ልጆችን ገጽ አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ እየተረጎምኩ። ይህን ገጽ ዘልዬባችሁ ነበር አልኩ። ከዚያም፣

«ኤርሲዶ ጣሊያን አንድ ከሆነ በኋላ እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሌላ ምዕራፍ ነው አልኩት። አይደለም። ያው ምዕራፍ ነው።»

ጌታነህ እግሩን አነባበረ። «ጋሼ፣ ዕድሩን ሊበትኑት ነው እንዴ? እርስዎ ራስዎ ያቆሙትን?»

«አላውቅም» አልኩ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ጌታነህ ተነሥቶ ወጣ፣ አንድ ሌላ ሰው ተከተለው። ወንበራቸው ወለሉን ሲፍቅ ጥርሴን አሳከከኝ።

ዳኝነቱን ላስረክብ ወይ ብዬ አሰብኩ። ሽሽት መሰለኝ፤ ተውኩት። ኤርሲዶ ሲመለስ የሚጮህበት ሰው ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

ከቀሩት መካከል አንዲት ሴት፣ መንገድ ዳር ካልሲ የምትሸጥ፣ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ልጆቹ ጸለዩ?»

«መጽሐፉ አይልም» አልኳት። «ቤታቸው ሲገቡ የጸለዩ ይመስለኛል።»

«እሱማ ይጸልያሉ» አለች፣ እኔን እንደማጽናናት ብላ።

ሰኞ

ብርድ። ገበያ ጥሩ ነው።

ሒሩት ብርድ ልብስ እያጣጠፈች «አስቴር ምን እንዳለች አልጠየቁም?» አለችኝ።

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እኔ ግን አልሰጠሁም። ልጠይቅልዎ?»

ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈለግኩ። ሌሊት ስሜ በዚያ ዜማ ነው የሚመጣብኝ።

«ተይው» አልኩ።

ጌታነህ በበሬ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ከሩቅ፣ በእጁ ብቻ። መለስኩለት።

ረፋድ ላይ አንድ ባኪ በሩ ላይ ቆመ። ወጣቶች ወረዱ። ድንኳኑን ያመጡ መስሎኝ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ብርድ ልብስ ሊገዙ ነው የመጡት፣ ከሌላ ሎኬሽን፣ ከአሌክሳንድራ። የፈለጉትን ሰጠኋቸው፣ ዋጋም አልተከራከርኩም። ሒሩት ዞር ብላ አየችኝ።

ሽኝቱ ካለፈ ወዲህ ድንኳኑ መመለስ አለበት፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ግን አልመጣም። ሊመልሱት ቢፈልጉ ትናንት ይመልሱት ነበር፤ ወይም ኤርሲዶን እየጠበቁ ነው፤ ወይም መኪና አላገኙም። ሦስቱንም አስቤዋለሁ። ድንኳኑ እነሱ ዘንድ እስካለ ድረስ ከዕድሩ አልወጡም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ የነበረበት ጥግ ባዶ መሆኑ አላስቀመጠኝም። ጠረግኩት። ከኋላ ክፍል ብርድ ልብስ እየተሸከምኩ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ደረደርኩበት፣ ክፍተት ሳይቀር።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሒሩት። «ድንኳኑ ሲመጣ የት ልናስቀምጠው ነው?»

«ቦታ የለንም» አልኳት።

ሱቁን እስክንዘጋ ድረስ ድንኳኑ አልመጣም።